በሩ ስንት ዓመቱ ነው?

ሰሚት ኮንዶሚኒየም የምትኖር አንዲት እናት ነበረች። አንድ ልጅ አላት፤ ሰባት ዓመት ሞልቶታል፣ ቁመቱ ግን አባቱን መስሎ የአሥር ዓመት ልጅ ያክላል። እናቲቱ ከቤት ስትወጣ ልጇን ይዛው ትወጣለች፤ ሽንት ቤት ስትገባም ይዛው ትገባለች። ሦስት ዓመቱ ሳለ ማንም ምንም አላለም። አምስት ሲሞላውም ማንም ምንም አላለም። በስድስት ዓመቱ አንዳንድ ሴቶች ዞር ብለው ያዩት ጀመር። ሰባት በሞላው በወሩ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ እናትና ልጅ ቦሌ መጡና ሲኒማና የልጆች መጫወቻ ያለበት ትልቅ ሕንፃ ገቡ። ልጁ ሲዘል ቆየ፤ ጁስም ጠጣ። ከዚያ የሚመጣው መጣ፤ የሴቶቹ ሽንት ቤት ሰልፍ ላይ ቆሙ።

መስታወቱ ፊት ከንፈሯን የምትቀባ ወጣት ሳትዞር፣ በመስታወቱ ውስጥ እያየቻቸው፣ «እህት፣ ይሄን የሚያህል ጎረምሳ ይዘሽ ልትገቢ ነው?» አለች።

«ኧረ ገና ሰባት ዓመቱ ነው» አለች እናቲቱ።

«ሰባት? የእኔ ወንድም በሰባት ዓመቱ ፍየል ይጠብቅ ነበር።»

«ተያት እባክሽ» አለች ልጅ ያዘለች ሌላ ሴት። «ዘመኑ ክፉ ነው። እኔ ብሆን እስከ አሥራ ሁለት ዓመቱ ከዓይኔ አላርቀውም።»

ነጠላ ያጣፉ አንዲት ወይዘሮ ደግሞ ከሰልፉ ጫፍ ገቡበት። «ሰባት ከሞላውማ ጾም ጀምሯል ማለት ነው። የሚጾም ልጅ ብቻውን መሽናት አያቅተውም።»

ሰልፉ ለሁለት ተከፈለ። ፍየሉም ተነሣ፣ ጾሙም ተነሣ፣ ዘመኑም ተረገመ። ልጁ ግን አንድ እግሩን እያነሣ ሌላውን እየጣለ፣ «ማሚ፣ ሊያመልጠኝ ነው» ይላል።

እናቲቱ እጁን ይዛ ከሰልፉ ወጣች። በወንዶቹና በሴቶቹ በር መካከል አንዲት ባልቴት ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ መወልወያቸው ግድግዳው ላይ ተደግፏል፣ ጭናቸው ላይ ጥቅል ሶፍት አለ። ሁለቱንም የሚያጸዱት እሳቸው ናቸው።

«እማማ፣ ልጄ ብቻውን ወንዶቹ ጋ ቢገባ ምን ይመስልዎታል? ሰባት ዓመት ሞልቶታል።»

ባልቴቷ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «የእሱን ዕድሜ ነገርሽኝ፤ ደግ። የበሩንስ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«የበሩን?»

«አዎ፣ የበሩን። ሕንፃው ከቆመ ስንት ዓመቱ ነው ማለቴ አይደለም። ለስንት ዓመት ልጅ ይሆናል ማለቴ ነው። አሁን ሰዓቱ አምስት ነው። ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሲገቡ አይቻቸዋለሁ፣ አንደኛው እንዲያውም እንደ አንቺው ልጅ ይዟል። ካሁን ወዲያ የሚገባም በእኔ ፊት ነው የሚያልፈው። መግቢያውም መውጫውም ይኸው አንዱ ነው። መብራት አለ፣ መቀርቀሪያው ይሠራል፤ ቢበላሽ ከውጭ የምከፍተው እኔ ነኝ። ስለዚህ ይሄ በር አሁን የሰባት ዓመት በር ነው። ማታ ፊልሙ ሲለቅ፣ ወንዱ ሁሉ ተጋፍቶ ሲገባ፣ እኔም ተራዬን ጨርሼ ታክሲ ስጠብቅ፣ ይኸው በር የአሥራ አራት ዓመት በር ይሆናል። መብራት የጠፋ ለታ ደግሞ ለእኔ ለአሮጊቷም አይሆን።»

እናቲቱ ዝም አለች። ባልቴቷ ልጁን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«አቡሽ፣ ዚፕህን ራስህ ትከፍታለህ?»

«አዎ።»

«እጅህንስ?»

«እታጠባለሁ። በሳሙና።»

«ሰው መጥቶ ላግዝህ፣ ላሳይህ፣ ና ከረሜላ ልስጥህ ቢልህስ?»

«እምቢ እላለሁ።»

«በል እስቲ።»

«እምቢ» አለ ልጁ፣ ለራሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

«ይሄ ለእናትህ ጓዳ ነው። ያ ጥግ ላይ የቆመው ጥበቃ ይስማህ።»

«እምቢ!»

ኮሪደሩ በሙሉ ዞረ። ጥበቃው ዱላውን ጨብጦ ሁለት እርምጃ መጣ። እናቲቱ በኀፍረት ቀልታ የልጇን አፍ ልትይዝ እጇን ስትዘረጋ ባልቴቷ ቀደሟትና እጇን ያዙት። «ተዪው። ያፈርሽው አንቺ ነሽ እንጂ እሱ አላፈረም።»

ልጁ ገባ። እናቲቱ በሩ ላይ ቆማ ስሙን እየጠራች ታወራው ጀመር፤ ውስጥ ያለ ሁሉ ደጅ ላይ እናት እንዳለች እንዲያውቅ። ሲወጣ እጁ እስከ ክርኑ ርሷል፤ ፊቱ የክርስትና አባቱ ጫማ የገዛለት ልጅ ፊት ይመስላል።

ከዚያን ዕለት ወዲህ እናትና ልጅ በምሥራቅ አዲስ አበባ ሲዞሩ የበር ዕድሜ ማውጣት ልማዳቸው ሆነ። ገርጂ አንድ ቁርስ ቤት ገቡ፤ ሽንት ቤቱ ከጓሮ ነው፣ ቁልፉ ረጅም እንጨት ታስሮበት ከካሸሯ አጠገብ ተሰቅሏል፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ቤት ነው፣ ከጠረጴዛቸው ይታያል። «ስድስት» አለ ልጁ። መገናኛ አንድ ምድር ቤት ወረዱ፤ በሩ ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ፣ ከደረጃ ሥር ነው፣ አምፖሉ ብልጭ ድርግም ይላል። «ይሄስ?» አለችው። «ሃያ!» አለ ልጁ። «እንግዲያማ ለእኔም አይሆንም» ብላ ሁለቱም ይዘው ወጡ፤ እስከ ቤታቸውም እግራቸውን አጣብቀው ሄዱ። ከአየር ማረፊያው ወደ መገናኛ በሚወስደው አዲሱ የእግር መንገድ ዳር አንድ ሴት የምትጠብቀው፣ መስኮቱ የሚያበራ ቤት አገኙ። «ሰባት፤ ግን ቀን ከሆነ» አለ። ቦሌ መድኃኔዓለም በተራ ቀን ሰው ሲሳሳና ጥቅምት 27 ቀን ለዓመቱ ንግሥ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ሲሞላ፣ ያው አንድ ደጅ አንድ ዕድሜ እንደሌለው ልጁ ራሱ ነው ለእናቱ ያስረዳት።

ጥር ገባ፤ የሠርግ ወር ነው። ልጁ ስምንት ሞልቶታል። የአክስቱ ልጅ ስትዳር ሲኤምሲ አካባቢ አንድ አዳራሽ ተጠሩ። እናቲቱ ስትገባ እንደ ልማዷ በሩን አየችው። ከአዳራሹ አጠገብ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ የደንብ ልብስ የለበሰች ሴት ደጁ ላይ ተቀምጣለች። በልቧ «ሰባት» ብላ ሰጠችውና ከዘመድ ጋር ተቀመጠች። ልጁ በነጭ ሱሪና በቀይ ከረባት ከእኩዮቹ ጋር ይሯሯጣል። ኬክ ተቆረሰ፣ እስክስታው ደራ፣ መጠጡ በረታ። ልጁ መጥቶ በጆሮዋ «ሽንቴ መጣ» አላት። «ሂድ» አለችው በእጇ እያሳየች። ሄደ። ወዲያውም ተመልሶ መጣና አጠገቧ ቆመ። እሷ ከሙሽራው አባት ጋር እያወራች ስለነበር አላየችውም።

ጥቂት ቆይቶ ከጎኗ የተቀመጠች ዘመዷ ጮኸች። «ውይ በሞትኩት! ይሄን የሚያህል ልጅ!»

ነጩ ሱሪ እስከ ጉልበቱ ርሷል።

የሙሽራው ወገን አየ፤ የሙሽሪት ወገንም አየ። ልጆቹ ሳቁ። ቪዲዮ የሚቀርጸው ሰው እንኳ ካሜራውን ዘወር አደረገ። የእናቲቱ ፊት ጋለ፤ ቀኝ እጇም ሳታስበው ተነሣ። የተነሣው እጅ አየር ላይ እንዳለ የልጁን ዓይን አየች፤ እጇን አወረደችና ጎንበስ አለች።

«ምን ሆንክ?»

«በሩን አየሁት። አሥራ ሦስት ሆኗል።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ሴትየዋ የለችም። ሁለት ሰካራሞች በሩ ላይ ቆመዋል። አንደኛው ና፣ ና አለኝ። ተመለስኩ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

ልጁ አቀረቀረ። «ከትልቅ ሰው ጋር እያወራሽ ነበር። ትልቅ ሰው ሲያወራ አታቋርጥ ብለሽኛል።»

እናቲቱ ነጠላዋን አውርዳ ወገቡ ላይ ጠመጠመችለትና እጁን ይዛ በአዳራሹ መካከል አልፋ ወጣች። ዘመዷ ከኋላ «ሳትቆነጥጪው?» ስትላት ሰማች፤ አልመለሰችላትም።

በሳምንቱ ቦሌ ሄዳ ለባልቴቷ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። «ለካስ ቸኩዬ ኖሯል፤ ገና አልደረሰም» አለቻቸው።

«ደርሷል» አሏት። «ከእንግዲህ ብቻውን ይግባ።»

«ሱሪውን ያረጠበውን ልጅ?»

«ሱሪውን ያረጠበውን ልጅ። ትልቅ ሰው ስንቱን ነውር ፈርቶ የማይገባበት ይገባ የለም እንዴ? እሱ ግን እያየው ተመለሰ። አቋርጦ አለመናገሩ ነው የቀረው፤ እሱን ያስተማርሽው አንቺ ነሽና አንቺው ፍቺው።» ይህን ብለው መወልወያቸውን አንሥተው ገቡ።

ምሳሌው ይኸው ነው። ትርጉሙን ለማውጣት ብዙ መድከም አያሻም፤ ጥቂት ነገር ግን ልበል።

«ልጄ በስንት ዓመቱ ብቻውን ይግባ?» ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ የሚፈልገው ቁጥር ነው፤ ቁጥርማ ሞልቶናል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልማድ ልጅ ጾም የሚጀምረው በ7 ዓመቱ ነው፤ አንደኛ ክፍል የሚገባውም በ7 ዓመቱ ነው። የወንጀል ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 414/1996፣ 9 ዓመት ያልሞላውን ልጅ በወንጀል ተጠያቂ አያደርግም፤ አንቀጽ 627 ደግሞ 13 ዓመት ባልሞላው ልጅ ላይ የሚፈጸመውን የወሲብ ጥቃት ለብቻው ለይቶ ይደነግጋል። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አካለ መጠን ያደረሰ የሚለው 18 ዓመት የሞላውን ነው። እነዚህ ሁሉ ለየራሳቸው ጉዳይ ልክ ናቸው፤ የሚለኩት ግን ልጁን ብቻ ነው። ሰልፍ ላይ የተከራከሩት ሴቶችም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ሦስቱም ልጁን እያዩ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ነበር።

በሩን መለካት ከባድ ሥራ አይደለም። ስንት መውጫ አለው? ከተቀመጥኩበት ይታያል? የሚጠብቀው ሰው አለ? መብራቱስ? ሰዓቱ ስንት ነው? መጠጥ አለ? ይህን ለመመለስ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የሚያዘናጋን አንዴ ያየነውን በር ለዘላለም አውቀነዋል ብለን መተማመናችን ነው። የምሳሌዋ እናት የሳተችው እዚህ ላይ ነው፤ ሲገቡ ያየችው በርና ኬኩ ከተቆረሰ በኋላ የነበረው በር አንድ መሰላት። ሠርግ ቤት በሁለት ሰዓት ውስጥ ምን ያህል እንደሚለወጥ ለእኛ መንገር የአደባባይ ምስጢር መንገር ነው።

«እምቢ» የሚለውን ትምህርት ደግሞ ለማያውቁት ሰው ብቻ የሚሆን አድርገን ካስተማርን ግማሹን አስተማርን። በልጆች ላይ የሚደርስ ጥቃት አብዛኛው የሚፈጸመው ልጁ በሚያውቀው ሰው እንደሆነ በብዙ አገር የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት ነገር ነው። የሕዝብ ሽንት ቤት የሚያስፈራን የማናውቀው ሰው ስላለበት ነው፤ ልጁ እዚያ በር ላይ የተለማመደው ድምፅ ግን አጎት ቤትም፣ አስጠኚ ጋም፣ ሰርቪስ መኪና ውስጥም ያገለግለዋል። እንዲያውም እኔን ብትጠይቁኝ የቦሌው በር ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው፤ እናቱ ደጅ ላይ ቆማ ሳለ እምቢ ማለትን የሚለማመድበት ቦታ ሆነ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን አስተዳደጋችን ነው። ጨዋ ልጅ ማለት ሲጠሩት አቤት፣ ሲልኩት ወዴት የሚል ነው። ይህን ትምህርት የሚያጣጥል አይደለሁም፤ ያደግንበት ነው፣ መልካምም ነው። ነገር ግን በዚህ ብቻ ያደገ ልጅ በር ላይ የቆመ ሰካራም «ና» ሲለው የተማረው መልስ «አቤት» ነው። የምሳሌው ልጅ ያን መልስ ጥሶ ተመለሰ፤ ሁለተኛውን ደንብ፣ የትልቅ ሰው ወሬ አለማቋረጥን ግን ሊጥስ አልቻለም። በአንድ ምሽት ሁለት የጨዋነት ሕግ መጣስ ለስምንት ዓመት ልጅ ብዙ ነው። ስለዚህ ፈቃዱ አስቀድሞ፣ ቤት ውስጥ፣ በግልጽ ሊሰጠው ይገባል፤ ስለ ሽንትና ስለ ፍርሃት ከሆነ ጳጳስ እያናገርኩ እንኳ ቢሆን አቋርጠኝ ተብሎ። ከተሰጠው በኋላም አንድ ቀን ያቋርጠናል፤ ያን ቀን ፊታችንን ብናጠቁርበት ዳግመኛ አያቋርጥም።

የበሩን ዕድሜ የሚያወጣው ወላጅ ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከቦሌ አየር ማረፊያ ወደ መገናኛ፣ ከመገናኛም ወደ ሲኤምሲ ሲዘረጋ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶችን ይዞ መጥቷል፤ በዚያው ዓመት «ጽዱ ጎዳና - ኑሮ በጤና» በሚል የተከፈተው ዘመቻም ገንዘብ ያሰባሰበው ለዚሁ ግንባታ ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ልጅ ይዞ አስፋልት ዳር ግንብ ሲፈልግ የኖረ ወላጅ ያውቀዋል። ንጽሕና ግን የበሩን ዕድሜ ዝቅ የሚያደርገው በከፊል ነው። የሲኤምሲው በር ማታም ንጹሕ ነበር። የጎደለችው ወንበሩ ላይ የምትቀመጠዋ ሴት ናት፤ ወይ ሰዓቷ ደርሶ፣ ወይ እራት ልትቀምስ ሄዳ። በሕንፃው ውስጥ ምናልባት ትንሹን ደመወዝ የምትቀበለው እሷ ትሆናለች። የሕንፃ ባለቤቶች ለእብነ በረድ የሚያወጡትን ያህል ባይሆንም ለሁለተኛ ተረኛ የሚሆን ቢቆርጡ የበራቸው ዕድሜ በግማሽ ይወርዳል። ሽንት ቤትን ምድር ቤት፣ ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ የሚደብቁ ነዳፊዎችም እንዲሁ ሊያስቡበት ይገባል።

ስለ አባቶች ዝም ብል ቅር ይለኛል። እናት ወንድ ልጇን ይዛ ሴቶቹ ጋ ብትገባ ቢበዛ የምትሰማው ሽሙጥ ነው። የአራት ወይም የአምስት ዓመት ሴት ልጁን ይዞ ቦሌ የሚውል አባት ግን ሴቶቹ ጋ ሊገባ አይችልም፤ ወንዶቹ ጋ ይዟት ሲገባ ደግሞ ግድግዳው ላይ የተደረደሩት ወንዶች ጀርባቸውን እንደ ሰጡ ይሳቀቃሉ፣ እሱም ዓይኗን በእጁ ከልሎ ይሮጣል። ውጭ አገር የኖሩ ወገኖቻችን ለቤተሰብ ተብሎ የተለየ ሦስተኛ በር እንዳለ ይነግሩናል፤ እኛ ጋ አብዛኛው ሕንፃ የተሠራው ሁለት በር ታስቦ ነው፤ ትንንሾቹ ካፌዎችማ አንድ ብቻ ነው ያላቸው፤ ለእንዲህ ያለ አባት እንዲያውም የሚሻለው እሱ ነው፤ ከልጁ ጋር ገብቶ ይቆልፈዋል። ሁለት በር ብቻ ካለ ከማንም አላፊ አግዳሚ ይልቅ ወንበሩ ላይ ያሉትን እናት ወይም ልጅ የያዘች ሴት መርጦ «እህቴ፣ ልጄን ታዪልኛለሽ?» ቢል አያሳፍርም። ከዚያ እሱ ደጁ ላይ ቆሞ ከልጁ ጋር ጮክ ብሎ ያውራ፤ ስለ ፈለገው ያውራ፣ ስለ ኬክም ቢሆን።